ከኬብሉ ሥር የሚቀመጠው ሰው

ላት ፑልዳውን በሚባለው የጂም ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ጭኑ ከመከዳው ሥር ተቀርቅሯል፤ ሁለት እጁ ከራሱ በላይ ባሩን ጨብጧል፤ አንገቱን ቀና አድርጓል። ኬብሉ በዚያች ቅጽበት ቢበጠስ የሚሸሽበት የለውም። ባሩ በሰውየው ጉልበት ተስቦ ወደ ፊቱ ወይም ወደ ደረቱ ይመጣበታል፤ ወገቡ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያነሣው ብረት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ተቀምጦ ኬብል ወደ ሆዱ የሚስበው በጀርባው ይዘረራል። ቆሞ ትራይሴፕስ የሚሠራው ደግሞ ወደ ፊት ይደፋል። የጂም ዕቃ ጥገና ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ማሽኑ ዕድሜ፣ ስለ ዋጋውና ስለ መለዋወጫው ነው። እኔ መጀመር የምፈልገው ከዚህ ነው፤ ዕቃው እምቢ ባለ ጊዜ ሰውየው እንዴት ሆኖ እንደተቀመጠ ከማየት።

፠

ከኬብሉ ላይ የሚታየው ጥቁር ፕላስቲክ ልባስ ነው። ከውስጥ ያለው ብረት በአብዛኛው ሰባት ጉንጉን ሲሆን እያንዳንዱ ጉንጉን ከ19 ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ነው፤ በድምሩ 133 ሽቦ። ሽቦው እንዲህ የሚቀጥነው ፑሊው ላይ እንደ ልብ እንዲታጠፍ ነው። ብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍረው ዓይነት አዲስ ሳለ 900 ኪሎ አካባቢ ይችላል። ይህን የሰማ የጂም ባለቤት «ታዲያ 80 ኪሎ ምን ያደርገዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ገመዱን የሚበላው ግን መታጠፍና መቃናት ነው። በአንድ ማሽን ላይ በቀን 50 ሰው ቢቀመጥ፣ እያንዳንዱም በአራት ዙር 12 ጊዜ ቢስብ፣ ያው አንድ ክንድ የማይሞላ የገመድ ክፍል ፑሊው ላይ 2,400 ጊዜ ታጥፎ 2,400 ጊዜ ተቃንቷል ማለት ነው። በወር 26 ቀን ለሚከፍት ቤት 62,400 ይደርሳል። ሽቦ እያመላለሱ በማጠፍ መስበርን ልጅ ሆኖ ያልሞከረ የለም፤ እዚህም የሚሆነው ያው ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ይለያል።

ይህን የሚያባብስ አንድ ነገር አለ። የተሰበረ ፑሊ ሲቀየር አንዳንዴ ምትኩ ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ልክ ስለሆነ ይገጥማል፣ ይሽከረከራል፣ ማንም ልብ አይለውም። ገመዱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበልጥ ተጨብጦ እየታጠፈ ነው፤ ዕድሜውም በዚያው ልክ ያጥራል። ፑሊ ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ይሂድ፤ ቀዳዳውን ብቻ ሳይሆን የዙሪያውን ስፋትና ገመዱ የሚሄድበትን ቦይ ጎን ለጎን ያስተያይ።

፠

የብረት ገመድ የመጣልን ከማዕድን ጉድጓድ ነው። በጀርመን ሃርትስ ተራሮች፣ በክላውስታል ከተማ፣ ቪልሄልም አልበርት የሚባል የማዕድን ሹም በ1834 እ.ኤ.አ. ሦስት ጉንጉን፣ እያንዳንዱም አራት ሽቦ የሆነ ገመድ አሠርቶ ለጉድጓዱ ማንሻ አዋለ። ያስቸገረው ሰንሰለት ነበር። ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ከተሰነጠቀች አለቀ፤ አስቀድሞም ብዙ ምልክት አይሰጥም። ገመድ ግን አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ቀሪዎቹ ሸክሙን ይዘው ይቆያሉ፤ የተበጠሰው ደግሞ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ሰው አይቶ ለመንቃት ጊዜ ያገኛል።

የጂም ኬብል ፕላስቲክ ሲለብስ ከላብና ከዝገት ዳነ፤ ፑሊው ላይም ለሰለሰ። በዚያው ግን ያ ምልክት ከዓይን ተሸሸገ። ስለዚህ ልባሱን ማንበብ ግድ ይላል። ያበጠ ቦታ፣ የተጠፈጠፈ ቦታ፣ ከሌላው ይልቅ የቀጠነ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ ከሥሩ የዝገት ቀለም የሚያሳይ ነጥብ፣ ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ኬብሉ ይቀየራል። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ኬብል በየጊዜው እንዲፈተሽ፣ የመጎዳት ምልክት ሲታይ ሳይውል ሳያድር እንዲነሣ ያዛሉ፤ ምልክት ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ቀይሩት የሚሉም አሉ።

እጅግ የሚያሳስበኝ ናስትሮ ነው። ልባሱ ሲሰነጠቅ በጥቁር ናስትሮ ይጠቀለላል፤ እጅ እንዳይወጋ ይባላል። አሳቢነት ይመስላል። ነገር ግን ናስትሮው ገመዱን አያጠነክረውም፤ የሚያደርገው ቀጥሎ ለመፈተሽ ከሚመጣው ሰው ስንጥቁን መደበቅ ነው። ኬብል ላይ ናስትሮ ያየ ሰው ማሽኑ ላይ ባይቀመጥ መልካም ነው።

፠

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ጨርቄን እየያዘብኝ ነው» አሉት የአንድ ጂም ጽዳት ሠራተኛ አሰልጣኙን። ሰው ገና አልገባም፤ እሳቸው ማሽኖቹን እየወለወሉ ነበር።

«የቱ ጋ እትዬ?» ብሎ ቀረበ።

ባሩ ከሚንጠለጠልበት መንጠቆ በላይ አንዲት የጎማ ኳስ አለች፤ ገመዱ አልፎ ፑሊው ውስጥ እንዳይገባ የምታግደው። ሴትዮዋ ያሳዩት እዚያው ሥር ነው። ኳሷን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሲገፋት ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። በስንጥቋ መሃል ሁለት ሽቦዎች ወደ ውጭ ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ የቢጫው ጨርቅ ክር ተሰክቶ ቀርቷል። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ገመዱ ደህና ነበር። አሰልጣኙ የኪሎ መምረጫውን ፒን ነቀለ፣ ባሩን ፈትቶ መጋዘን አስገባ፣ ማሽኑም ቆመ።

ገመዱ የተጎዳው እዚያ ቦታ ላይ መሆኑ አይገርምም። ኬብል ይታጠፋል፤ ጫፉ ላይ በማሽን የተጨመቀው ብረት ግን አይታጠፍም። ሰው ባሩን ወደ ጎን በጎተተው ቁጥር፣ ለቆት ባወዛወዘው ቁጥር፣ ገመዱ የሚሰበረው ሁለቱ በሚገናኙባት በዚያች ጣት በምታህል ቦታ ላይ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ፈትሽ ቢባል፣ የኬብሉን ሁለት ጫፍ ይፈትሽ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የማስበው ስለ እኒያ እናት ነው። በየቀኑ ሁሉንም ማሽን በእጁ የሚነካ ሰው በጂሙ ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው። አሰልጣኙ ሰዎችን ያያል፤ ባለቤቱ ሒሳብ ያያል፤ ደንበኛው መስታወት ያያል። ታዲያ ምን መፈለግ እንዳለባቸው የነገራቸው የለም። ስንጥቅ ምን ይመስላል፣ የላላ ብሎን እንዴት ይታወቃል የሚለውን ለማሳየት ግማሽ ቀን በቂ ነው። ከማሳየት በላይ ደግሞ «ይኼ ማሽን ይቁም» ብለው በራሳቸው የማቆም ሥልጣን ሊሰጣቸው ይገባል፤ ሥልጣን ሲሰጥም ደመወዙ አብሮ መስተካከል አለበት። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

፠

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለበር ማጠፊያ ይሆን ይሆናል። ብረቶቹ ሽቅብ ቁልቁል ለሚንሸራተቱባቸው ሁለት ዘንጎች ግን ጠላታቸው ነው። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ ሁላችን እናውቃለን፤ ቁፋሮ ባለበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ያ አቧራ በመስኮት ገብቶ ዘይቱ ላይ ሲለጠፍ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ዘንጉንና ብረቱ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ይሞርዳል። ግሪስም ከዚህ አይሻልም። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ ዘንጉን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ፤ ከዚያ ጥቂት የሲሊኮን ቅባት በሌላ ጨርቅ ላይ ነፍቶ ከላይ እስከ ታች ስስ አድርጎ መቀባት። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ኬብሉ ላይ ግን ምንም አይቀባም፤ የተቀባ ኬብል ፑሊው ላይ ይንሸራተታል እንጂ ፑሊውን አያዞርም።

፠

«ዛሬ ከበደኝ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ደክሞት ላይሆን ይችላል። የቆሸሸ ዘንግ ብረቱ ሲነሣ ይይዘዋል፤ ሲወርድም ይይዘዋል። ስለዚህ ሲስቡት ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲመልሱት ደግሞ ይቀንሳል። ለጤነኛ ጎረምሳ ይህ ቁም ነገር ላይሆን ይችላል። የትከሻ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ፊዚዮቴራፒስት አምስት ኪሎ ብቻ ለፈቀደለት ሰው ግን ቁም ነገር ነው፤ የታዘዘለትና እጁ ላይ የሚያርፈው አንድ አይደሉም። ብረቱን በዝግታ አንሥቶ በዝግታ ማውረድ፣ የሚያዝበት ቦታ ካለ ዘንጉን እዚያ ላይ መመልከት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ሁለት ማሽን ላይ ያለ 50 ኪሎ እኩል የማይሰማው ብዙ ጊዜ ከብልሽት አይደለም። ኬብሉ ተንቀሳቃሽ ፑሊ ውስጥ ካለፈ እጅ ላይ የሚደርሰው ግማሹ ነው። አሰልጣኞች ይህን ለጀማሪዎች ቢነግሩ ብዙ ክርክር ይቀራል።

፠

ፒን ይጠፋል፤ በኪስ ይገባል፣ ከስፖርት ልብስ ጋር ቤት ይሄዳል። በቦታው ምን እንደሚገባ ተመልክቻለሁ፦ የፌሮ ቁራጭ፣ ረጅም ብሎን፣ ካቻቪቴ። ፌሮው ሸንተረራም ስለሆነ መሃል ላይ ይቆማል፤ ሙሉ በሙሉ የገባ ይመስላል እንጂ በብረቶቹ መሃል የሚያልፈውን ባለ ቀዳዳ ዘንግ በደንብ አልያዘም። ብሎኑ ከቀዳዳው ይቀጥናል፤ ብረቱ ሲነሣ ያዘነብልና ቀስ እያለ ይወጣል። ትክክለኛው ፒን ለዚያ ቀዳዳ ልክ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ወይም ራሱ ላይ ያለው ማግኔት በሥራ መሃል እንዳይወጣ ይይዘዋል። ጂም የሚከፍት ሰው ማሽን ሲያዝ ትርፍ ፒን አብሮ ይዘዝ። ፒኑንም በአጭር ገመድ ከማሽኑ ጋር ቢያስር ይሻላል።

፠

ብዙ ማሽን ወደ አገራችን የሚመጣው አገልግሎ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ኮንቴይነር ሲልክ ከመኪና ዕቃው ጋር የጂም ዕቃም ይልካል፤ ነጋዴውም ያስመጣል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ጥሩ ብረት ርካሽ ሆኖ ይገኛል። መመሪያው ግን አብሮ አይመጣም፤ ብሎኑም ከኛ ገበያ ጋር አይስማማም።

አሜሪካን ሠራሹን ውሰዱ። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ጥርስ 3/8 ኢንች ነው እንበል፤ 9.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። መርካቶ ወርደን በቀላሉ የምናገኘው ዳዶ ግን ባለ 10 ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። የባለ 10 ዳዶ ጥርስ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የዚያኛው 1.59 ነው። ዳዶው በጣት ይገባል፤ ትንሽ ይንገጫገጫል፤ በኪያቤ ሲጠብቅ ደግሞ «አሁን ያዘ» ያሰኛል። የያዘው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ሸክም ሲመላለስበት ጥርሱ ይበላና አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል፤ ኬብሉ ሳይበጠስ ሰውየው የተበጠሰበትን ያህል ይጎዳል። የሚንገጫገጭ ዳዶ ይመለስ። የኢንች ዳዶ የሚሸጥ ፈልጎ ማግኘት ወይም ቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ የሚከብድ አይደለም።

የኬብሉን ርዝመት የሚያስተካክለው ብሎንም እንደዚሁ ነው። ኬብል ሲጠብቅ ሰው ብሎኑን እየፈታ ያረዝመዋል፣ ሲላላ ደግሞ እያስገባ ያጠብቀዋል፤ የገባው ክፍል ግን ከብሎኑ ውፍረት ካነሰ ይዟል ማለት አይቻልም። ካስተካከሉ በኋላ መቆለፊያ ዳዶውን ማጥበቅ የሚረሳ ብዙ ነው፤ ያልተቆለፈ ብሎን በየእንቅስቃሴው በጥቂቱ ይዞራል።

፠

በሜትር ተቆርጦ የሚሸጥ ገመድ ገዝቶ ጫፉን አጥፎ በሁለት ብሎን ማያያዣ ማሰር የተለመደ መፍትሔ ነው። ማያያዣው የያዘው ፕላስቲኩን ከሆነ ብረቱን አልያዘም፤ ልባሱ ይጨፈለቅና ገመዱ ከውስጥ ይንሸራተታል። አቀማመጡም ይሳታል፦ ጠፍጣፋው ወገን ሸክም በሚሸከመው ገመድ ላይ፣ የታጠፈው ዘንግ ደግሞ በተቆረጠው ጭራ ላይ ነው መዋል ያለበት። ተገልብጦ ከታሰረ የታጠፈው ዘንግ ሸክሙን የተሸከመውን ገመድ ይነክሰዋል። ሰው ከራሱ በላይ ለሚስበው ማሽን ግን በትክክል ቢታሰርም አልመክረውም። ፋብሪካ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ ጫፉ የተሠራለት ኬብል ይታዘዝ፤ እስኪመጣ ማሽኑ ይጠብቅ።

፠

ማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት 2017 ትላለች። ያነበበ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ 2017 ለእኛ የቅርብ ጊዜ ነው። ፋብሪካው ግን የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 2009 ወይም 2010 መሆኑ ነው። ኬብሉ ከሚታሰበው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጀ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የጥገና ደብተር ላይ ቀን ሲጻፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መባል ያለበት። ደብተሩ ራሱ ውድ ነገር አይፈልግም፤ የማሽኑ ስም፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ቀኑ፣ የቀየረው ሰው ፊርማ። ደብተር ያለው ጂም ግን ብዙ አላየሁም። የስንት ወር እንደተከፈለና ማን እንዳልከፈለ የሚይዝ መዝገብ በሁሉም አለ፤ ያው እርሳስ ሌላ ገጽ ላይም ይሠራል።

፠

ሙዚቃው ይቀነስ ስል ጨዋታ የማልወድ ሰው አድርገው የሚያዩኝ አሉ። ኩሽኔታው ያለቀ ፑሊ ሲዞር ይንቋቋል፤ ከቦዩ የወጣ ገመድ ጎኑን ይፈገፍጋል፤ የላላ ብረት ሲወርድ ሁለቴ ይመታል። ይህ ሁሉ ድምፅ ነው፤ ሙዚቃ ሲከፈት ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አንድ ሰው በጸጥታ እያንዳንዱን ማሽን በቀላል ኪሎ ደጋግሞ ይሳብ፣ ፑሊዎቹንም በእጁ ወደ ጎን ይነቅንቅ። የሚነቃነቅ ፑሊ ገመዱን በአንድ ወገን ይበላዋል።

፠

መብራት ሲጠፋ ትሬድሚሉ ይቆማል። ኬብል ማሽን ግን መብራት አይጠይቅም፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በግማሽ ብርሃን፣ ፒኑን በዳሰሳ እያስገባ። ጄኔሬተር ለሌለው ቤት ከኬብል ማሽኖቹ በላይ በባትሪ የሚበራ አንድ አምፖል ማኖር ትልቅ ነገር ነው።

፠

በረኪና ለሽንት ቤት ነው። ከ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ ወዲህ በየማሽኑ ላይ መርጨት ልማድ ሆኖ ቀርቷል። የመቀመጫውን ሌዘር ያደርቅና ይሰነጥቃል፤ ኒኬል የተለበጠውን ብረት ይበላል። ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና የራሰ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ላብ ጨው አለበት፤ ሳይደርቅ መጠረጉ ነው ዋናው። ምድር ቤት ያሉ ጂሞች በክረምት የዘንጎቹን እግር ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ ዝገት የሚጀምረው ከወለሉ አጠገብ ነው።

፠

«አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ሰው የሚሠራበት ማሽን አይቻለሁ። ሠራተኛው «ጋሼ፣ ተበላሽቷል እኮ» ሲላቸው ሰውየው «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው» ብለው ቀጠሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሊበጠስ የቀረበ ገመድ እስከ መጨረሻዋ ጊዜ ድረስ ደህና ሆኖ ይሠራል። ወረቀት ሰውን አያቆምም። ፒኑ ተነቅሎ፣ ባሩ ተፈትቶ፣ ሁለቱም ቢሮ ውስጥ ሲቆለፉ ማሽኑ በእርግጥ ቆመ ይባላል።

፠

አዲስ ኬብል ሲገባ አሮጌው ሳይወጣ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ በየትኛው ፑሊ በየት በኩል እንዳለፈ በቃል መያዝ ያስቸግራል። ርዝመቱ ከአሮጌው ጋር ወለል ላይ ተዘርግቶ ይለካ። ከገባ በኋላ የላይኛው ብረት ከሥሩ ባለው ላይ ሙሉ ለሙሉ ተቀምጦ፣ ገመዱም ሳይላላ መቆም አለበት። በጣም ከጠበቀ የላይኛው ብረት ብድግ ይልና ፒኑ ቀዳዳውን ይስታል፤ ከላላ ከፑሊው ይወጣል። መጀመሪያ በአንድ ብረት፣ ቀጥሎ በመሃከለኛ ኪሎ፣ ማንም ሳይቀመጥበት ቆሞ መሳብና እያንዳንዱን ፑሊ በተራ ማየት ነው። አዲስ ገመድ መጀመሪያ ላይ ጉንጉኑ ሲደላደል ትንሽ ይረዝማል፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ማጥበቅና መቆለፊያ ዳዶውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ባለሙያው ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ያ ሁለተኛው ጉብኝት መቼ እንደሆነ በደብተሩ ላይ ይጻፍ።